ከአድራሻ ወደ መሥመር
የባለሙያ ማስታወሻ ከደባርቅ

ፕሮግራም ጽፎ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ ባለሙያ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥራው እርሱ በሌለበት፣ በማያውቀው ስልክ ላይ፣ በማያየው ሰው እጅ ሲቋረጥ፣ የተቋረጠበትን ምክንያት በምን ያውቃል የሚለው ነው። ከደባርቅ ተነሥተው፣ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርገው፣ የራስ ደጀን ተራራ ከሚታይበት ከበየዳ ወረዳ ድረስ ዘልቀው በየቀበሌው ቤት ለቤት መረጃ ለሚመዘግቡ ሠራተኞች የስልክ ፕሮግራም ማዘጋጀት እንጀራዬ ስለ ሆነ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ የዘወትር ነው። ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ የሰነበተ ሠራተኛ የስልኩ ዘገባ ወደ እኛ የሚደርሰው ድልይብዛ ወይም ደባርቅ ከተማ ሲገባ ነውና፣ በስሕተቱና በወሬው መካከል ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ያልፋሉ።

ቤት ለቤት ዞሮ መመዝገብ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ በዳባት ወረዳ፣ በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጤናና የሕዝብ ክትትል ጣቢያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። የእኛ ሥራ ከእርሱ የተለየና እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ መዝገብ የሚታመነው መመዝገቢያው ሲታመን ነው የሚለው ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ያህል፣ እኛ የምንጽፈው ኮድ ስምና መሥመር፣ ክፍልና አንቀጽ ያለው የሰው ጽሑፍ ነው፤ ኮምፓይለሩ ግን ይህን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ወደሚገባ ትእዛዝ ሲለውጠው ስሙ ይጠፋና የቦታው ቍጥር ብቻ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ የልደት ቀን መጻፍ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው በሜሞሪ ውስጥ በአንድ አድራሻ ያለውን ትእዛዝ ፈጽሞ ወደሚቀጥለው መሻገርን ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ለባለሙያው የሚደርሰው ዘገባ፣ የትኛው ክፍል የትኛውን እየጠራ እዚያ እንደ ደረሰ የሚያሳይ፣ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ የአድራሻ ዝርዝር ነው። ይህን ቍጥር ወደ ፋይል ስምና ወደ መሥመር መልሶ መተርጐም የምርመራው ሁሉ መጀመሪያ ሲሆን፣ የስሕተት ምርመራ ራሱ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ሙያ ነው፤ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረ በ2 ዓመቱ፣ ስታንሊ ጊል የፕሮግራምን ስሕተት ስለ መመርመር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጳጕሜን ላይ፣ በበየዳ የነበሩ መዝጋቢዎች የሕፃናትን የልደት ቀን ሲሞሉ ፕሮግራሙ እየተዘጋ አስቸገራቸው፤ ዘገባው እኛ ዘንድ የደረሰው ግን መስከረም ከጠባ በኋላ፣ አዲስ የፕሮግራሙ እትም ከወጣ ወዲያ ነበር። የዘገባው የመጀመሪያ ረድፍ የጽሑፍን ርዝመት የሚለካውን የስልኩን የራሱን ላይብረሪ ያመለክት ነበር፤ ሁለተኛው ረድፍ 7512436814 የሚል ሲሆን፣ ይህ በእኛው ላይብረሪ ውስጥ ያለ አድራሻ ነው። ቍጥሮቹ እንደ ልማዳችን በ10 ሳይሆን በ16 ቤት የሚቈጠሩ ናቸው። የሊኑክስ ከርነል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አጥቂ ቦታውን አስቀድሞ እንዳያውቅ ሲል፣ ላይብረሪዎችን ፕሮግራሙ በተነሣ ቍጥር በተለያየ አድራሻ ያሰፍራቸዋልና፣ መጀመሪያ ላይብረሪው የሰፈረበትን መነሻ መቀነስ ግድ ነው፤ መነሻው 7512400000 ስለ ነበረ የሚቀረው 36814 ሆነ። ሰፈራው ምንጊዜም በ4,096 ባይት ብዜት ስለሚዛወር፣ ይህም በ16 ቤት ሲጻፍ 1000 ስለሚሆን፣ የአድራሻው የመጨረሻ 3 አኃዞች በየስልኩ አይለወጡም፤ ከሌሎቹ ስልኮች የመጡት ዘገባዎችም ፊታቸው ቢለያይ መጨረሻቸው ሁሉ 814 በመሆኑ፣ አንድ ስሕተት እንጂ ብዙ እንዳልሆነ ገና ከመተርጐማችን በፊት ዐወቅን።

እዚህ ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በሁለተኛው ረድፍ የሚጻፈው አድራሻ ጥሪው የተደረገበት ሳይሆን ጥሪው ሲያልቅ የሚመለሱበት፣ ማለት ከጥሪው ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ነው፤ እንዳለ ቢተረጐም አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው መሥመር አልፎ ቀጣዩን ይጠቍማል። በእነዚያ ስልኮች ፕሮሰሰር እያንዳንዱ ትእዛዝ 4 ባይት ስለ ሆነ፣ 4 ቀንሰን ከቀድሞው እትም ፋይል 36810ን ጠየቅን። አድር ቱ ላይን የሚባለው፣ አድራሻን ወደ መሥመር የሚተረጕመው የጂኤንዩ መሣሪያም አንድ ሳይሆን ሁለት ክፍል መለሰልን፤ ኮምፓይለሩ ፍጥነት ለመጨመር የወርን ስም የሚቀዳውን ትንሹን ክፍል ቀን ከሚያሳየው ትልቅ ክፍል ውስጥ አዋሕዶት ነበርና፣ አንዱ አድራሻ የሁለቱም ነበር። ትንሹ ክፍል ከውጭ የተወሰደ የቀን መለወጫ ሲሆን፣ የወራት ሠንጠረዡ 12 ስሞች ብቻ ነበሩት፤ 13ኛው ወር ሲጠየቅ ከሠንጠረዡ ወሰን ውጭ ያለውን ነገር እንደ ስም አንሥቶ ርዝመቱን ለሚለካው ላይብረሪ ያስረክባል፤ ፕሮግራሙም በዚያ ይቋረጣል።

ልዩነቱን ለማየት ብለን ያንኑ አድራሻ በአዲሱ እትም ፋይል በጠየቅነው ጊዜ መሣሪያው ሳያመነታ የፎቶግራፍ ማስቀመጫውን ክፍል አንድ መሥመር ሰጠን፤ ያ መሥመር ከነገሩ ሁሉ ንጹሕ ነበር። በአዲሱ እትም ላይ ጳጕሜንን ስንሞላም ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፤ ከሠንጠረዡ ቀጥሎ ኮምፓይለሩ ያስቀመጠው ነገር ተለውጦ ስለ ነበር በወሩ ስም ቦታ ባዶ ብቻ ታየ፤ ስሕተቱ ሳይነካ የታረመ መስሎ ተደበቀ። መተርጐሚያው የተሰጠው ፋይል ትክክለኛው መሆኑን አይመረምርም፤ የተሳሳተ ፋይል ቢሰጡት የተሳሳተ መሥመር በሙሉ ልብ ይናገራል። የሚያድነን ቢልድ አይዲ የሚባለው፣ በእያንዳንዱ እትም ላይ እንደ ማኅተም የሚቀመጠው መለያ ነው፤ የዘገባው መለያና የፋይሉ መለያ አንድ ካልሆኑ ትርጓሜው ከንቱ ነው።

ምክንያቱ ለቤተ ክህነት ሰው እንግዳ አይደለም፤ አንድ መጽሐፍ በሁለት ጸሓፊዎች እጅ በሁለት ብራና ሲገለበጥ፣ ምዕራፉ ሳይለወጥ ቅጠሉ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በዚህኛው ብራና በ40ኛው ቅጠል አለ የተባለውን ቃል በሌላኛው ብራና በ40ኛው ቅጠል መፈለግ ሌላ ንባብ ላይ ይጥላል። የሜሞሪ አድራሻም የቅጠል ቍጥር ነው፤ የሚያገለግለው ለተጻፈበት ብራና ብቻ ነው።

ቅጠሉን ከምዕራፉ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ በአብዛኛው ድዋርፍ በሚባለው ሥርዐት ይጻፋል፤ ይህ ሥርዐት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ የተጀመረ ሲሆን 5ኛው እትሙ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እያንዳንዱን አድራሻ ከነመሥመሩ ቢዘረዝር እጅግ ስለሚሰፋ፣ አድራሻውን በዚህን ያህል፣ መሥመሩን በዚህን ያህል አሳልፍ የሚሉ ጥቃቅን ትእዛዛት ብቻ ይይዛል፤ መሣሪያውም እነርሱን ከመጀመሪያ ጀምሮ እየፈጸመ ወደ ተጠየቀው ቦታ ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ መዝገቡ ብዙ ጊዜ ከፕሮግራሙ ከራሱ ይበልጣልና፣ በሠራተኞቻችን ስልክ ላይ ቦታ እንዳያጣብብ ከመላኩ በፊት ይገፈፋል። መግፈፉ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ የተገፈፈውን አለማኖር ነው። ምንጭ ኮዱ አለ ብሎ መጽናናትም አይበቃም፤ ኮምፓይለሩ ወይም አንዲት የትእዛዝ ምርጫ ከተለወጠች ያው ምንጭ ዳግመኛ ሲሠራ ሌላ አድራሻ ያወጣል።

በከተማ፣ ስልኩ ሁሉ በአንድ ሌሊት አዲሱን እትም በሚቀበልበት ቦታ፣ ይህ ቸልታ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስትና አራት እትሞች በተለያዩ ቀበሌዎች አብረው ይሠራሉ፤ ዘገባቸውም ባልታሰበ ተራ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ እትም ሲወጣ ያልተገፈፈው ፋይል ከነቢልድ አይዲው፣ ከምንጭ ኮዱና ከኮምፓይለሩ ስም ጋር በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ የሚላከውም ዘገባ ከአድራሻው ጋር የላይብረሪውን መነሻና መለያ እንዲይዝ ተደርጓል፤ ያን እትም የያዘ ስልክ ከመስክ እስኪመለስ ድረስም ፋይሉን መሰረዝ ክልክል ነው።

በደባርቅም ሆነ በጎንደር የኮምፒውተር ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ይህን ልማድ ከፕሮግራም አጻጻፍ ጋር አብረው እንዲማሩት እመኛለሁ። አንድ መዝጋቢ ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥቶ ከአንዲት እናት የተቀበለው ቃል ፕሮግራሙ ሲዘጋ ቢጠፋ፣ ያንኑ ዳገት ሁለተኛ መውጣት የእርሱ ዕዳ ይሆናል፤ እናቲቱም የተናገረችውን ደግማ ትጠየቃለች። ድካማቸውን እኛ ልንካፈለው አንችልም፤ የደረሰባቸውን ግን በእርግጠኝነት የማወቅና በቶሎ የማረም ግዴታ አለብን፤ የዚህም ግዴታ መጀመሪያ ወደ ሰው እጅ የላክነውን እያንዳንዱን እትም ከነመተርጐሚያው ማኖር ነው።