መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው ስልክ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



በብሪታንያ የምትኖርና በገጠር መንደሮች አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ አንዲት እህት ጥያቄ ልካልናለች። የምትንከባከባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከስልክ ኩባንያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤው የመዳቡ መስመር ቀርቶ በፋይበር እንደሚተካና የቤት ስልካቸውም «ዲጂታል» እንደሚሆን ይገልጻል። እነርሱም «ልጄ፣ ይህ ነገር ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?» እያሉ ይጠይቋታል። ጉዳዩ በዚያ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንንም ሁሉ የሚነካ በመሆኑ ዛሬ ሰፋ አድርገን እናየዋለን፣ ኢንሻ አላህ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አሮጌውን ስልክ እንወቀው። አገር ቤት መደበኛ ስልክ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ መብራት ጠፍቶ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ ሻማ እየተፈለገ ሳለ ስልኩ ይጮኽ ነበር። ለመሆኑ ኃይሉን ከየት አገኘው? ከቤታችን ቆጣሪ አልነበረም። ከስልክ ጣቢያው እስከ ቤታችን የሚመጡት ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሃምሳ ቮልት ገደማ የሚሆን ኤሌክትሪክም ይዘው ይመጡ ነበር። ስልክ ጣቢያው ደግሞ የራሱ ትላልቅ ባትሪዎችና ጄኔሬተር አለው። ስለዚህ የመንደሩ መብራት ቢጠፋም ስልኩ ምንም አይሆንም። ይህን ያህል ዘመን ሲያገለግለን አንድም ቀን ልብ ብለን አላየነውም። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ይህ የሚሠራው በሽቦ ለተያያዘው ተራ ስልክ ነው። መቀመጫው ግድግዳ ላይ ካለ የመብራት ሶኬት የሚሰካው ገመድ አልባ የቤት ስልክ ግን በአሮጌው መስመርም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል።)

አዲሱ መስመር ከዚህ የተለየ ነው። ፋይበር ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ ንጹሕ መስተዋት ሲሆን በውስጡ የሚጓዘው ብርሃን ነው። መስተዋት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በመሆኑም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚለውጠው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትንሽ ሣጥንና ስልኩ የሚሰካበት ራውተር ሁለቱም የሚሠሩት በራሳችን ቤት መብራት ነው። የቤቱ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ስልኩም አብሮ ይሞታል። የጉዳዩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ድሮ ኩባንያው ተሸክሞት የነበረው የኃይል ኃላፊነት ሳይታወቅ ወደ ባለቤቱ ጓዳ ገብቷል።

ታዲያ ለምን ይለወጣል? ቢባል በቂ ምክንያት አለ። የመዳቡ መረብ አርጅቷል፤ መለዋወጫው እየጠፋ ነው፤ አሮጌዎቹን መሣሪያዎች የሚያውቁት ባለሙያዎችም ጡረታ እየወጡ ነው። ከሁሉም በላይ በመዳብ ላይ የሚጓዝ ኢንተርኔት በርቀት ይደክማል። ከመንገድ ዳር ሣጥኑ አጠገብ ያለ ቤት ደህና ፍጥነት ሲያገኝ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ኮረብታው ሥር ያለው የገበሬ ቤት ግን አንድ ፎቶግራፍ ለመላክ እንኳ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ብርሃን ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ ፍጥነቱን አያጓድልም። ስለዚህ ከፋይበር አብልጦ የሚጠቀመው የገጠሩ ሰው ነው። የመንግሥቱ መብት እንኳ ትንሽ ነበር፤ በማርች 2020 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ለእያንዳንዱ ቤት የሰጠው በሰከንድ 10 ሜጋቢት የመጠየቅ መብት ነው። ፋይበር ግን 1000 ሜጋቢት ይሰጣል።

ይህን ልዩነት ቀድመው የተረዱ የገጠር ሰዎች ያደረጉትን ብነግራችሁ ደስ ይላችኋል። በሰሜን እንግሊዝ በላንካሸር አውራጃ የሚኖሩ መንደርተኞች ትላልቆቹ ኩባንያዎች «ቤታችሁ ሩቅ ነው፣ ወጪውን አይሸፍንም» ብለው ሲተዉአቸው በ2011 ቢ ፎር አር ኤን የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ቀድሞ በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የኮምፒውተር መረብ ባለሙያ ባሪ ፎርድ ዕቅዱን መሩ። መንደርተኛው አክሲዮን ገዛ፤ ገበሬው ያለ ኪራይ መሬቱን አቋርጦ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ የቀረው በአካፋና በመቆፈሪያ ቦይ ቆፈረ። እኛ ደቦ የምንለው ማለት ነው! በዚህ መንገድ በለንደን መሐል ያሉ ብዙ ቤቶች ያላገኙትን ፍጥነት በጎች በሚሰማሩበት መስክ ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ ፋይበርን የሚያወግዝ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

ይሁንና ስልኩ ሌላ ጉዳይ ነው። ኩባንያዎቹ አሮጌውን የስልክ መረብ ለመዝጋት ማሰባቸውን ያስታወቁት በ2017 ሲሆን ቀነ ገደቡም የ2025 ማብቂያ ነበር። በኖቬምበር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል ስኮትላንድንና ሰሜን እንግሊዝን መታ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ አራት ሺህ የሚጠጉ ቤቶች ደግሞ ከሳምንት በላይ በጨለማ ቆዩ። እነዚህ በአብዛኛው ከከተማ የራቁ ቤቶች ናቸው። የሞባይል ምሰሶዎችም ባትሪያቸው ሲያልቅ ጠፉ። በዚያ ሳምንት ተራ የመዳብ ስልክ የነበረው ሰው ሽቦው ካልተበጠሰበት በቀር ወደ ውጭ መደወል ይችል ነበር። ወደ ዲጂታል የተዛወረው ግን አልቻለም። ከዚህ በኋላ ትልቁ ኩባንያ ቢቲ በማርች 2022 ዝውውሩን ለጊዜው አቆመና በ2023 እንደገና ጀመረ።

ሁለተኛው ፈተና አዛውንቶቹ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የድረሱልኝ ቁልፍ ነው። ቴሌኬር ይሉታል። በዚያ አገር አንድ ነጥብ ስምንት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይጠቀሙበታል። ሰውየው ወድቆ መነሣት ሲያቅተው ቁልፉን ይጫናል፤ ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ በስልክ መስመሩ ወደ ማዕከሉ ይደውልና በልዩ ልዩ ድምፆች መልእክቱን ያስተላልፋል። እነዚህ ድምፆች የተሠሩት ለመዳቡ መስመር ነው። በዲጂታሉ መስመር ድምፅ ተቆራርጦና ታሽጎ ስለሚጓዝ አሮጌው መሣሪያ መልእክቱን አዛብቶ ሊያደርስ ወይም ጨርሶ ላያደርስ ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አልነበረም፤ ከተዛወሩ በኋላ ቁልፉን ተጭነው ያልሠራላቸው ሰዎች ነበሩ። በዲሴምበር 2023 መንግሥት ኩባንያዎቹን ሰብስቦ ቃል አስገባቸው፤ ቴሌኬር የሚጠቀም ሰው መሣሪያው በአዲሱ መስመር መሥራቱ ሳይረጋገጥ እንዳይዛወር ተስማሙ። በሜይ 2024 ደግሞ ቀነ ገደቡ ወደ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ተገፋ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፍ የማልፈልገው ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ሻጭ የዕቃውን ዐይብ ለገዢው መንገር ግዴታው እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው» ብሎ በትልቁ ጽፎ፣ «መብራት ሲጠፋ ግን ስልክዎ አይሠራም» የሚለውን በጥቃቅን ፊደል ከገጹ ግርጌ የሚያኖር ሻጭ ዐይቡን ነግሯል ለማለት ይከብደኛል። የሰማንያ ዓመት አሮጊት በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አያነቡም። በመሆኑም ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ሰው፣ ልጅ ይሁን ጎረቤት ወይም እንደ ጠያቂያችን ያለች እህት፣ ያንን መስመር ፈልጎ ሊያነብላቸው ይገባል። ኩባንያው በቤቱ ማን እንዳለ ካልተነገረው አያውቅም። ታማሚ አለ? የድረሱልኝ ቁልፍ አለ? ሞባይል በቤቱ ውስጥ ይሠራል ወይ? እነዚህ ሦስቱ ከዝውውሩ ቀን በፊት በስልክም በጽሑፍም መነገር አለባቸው።

የመቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ያወጣው ደንብ እንዲህ ይላል፤ በቤቱ ስልክ ላይ ብቻ ለሚመካ ሰው፣ ለምሳሌ የሞባይል ኔትወርክ ለማይደርስበት፣ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የድንገተኛ እርዳታ የሚጠራበት መሣሪያ ኩባንያው በነፃ ማቅረብ አለበት። ይህም ብዙውን ጊዜ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ ነው። አንድ ሰዓት! በከተማ ይበቃ ይሆናል። አርዌንን ላየ የኮረብታ ቤት ግን አንድ ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። ኩባንያዎቹም በገቡት ቃል ከዚህ አነስተኛ ልክ ለማለፍ እንደሚሠሩ ተስማምተዋል፤ ስለዚህ «ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ባትሪ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም። የማይሰጡ ከሆነ ልጆች ተዋጥተው ለወላጆቻቸው ትልቅ ባትሪ ቢገዙ ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም። ሞባይልን መተማመኛ የሚያደርግ ደግሞ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ይደውልበት፤ መንደሩ መግቢያ ላይ መሥራቱ ወጥ ቤት ውስጥ ለወደቀ ሰው አይጠቅምም።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ስልኩ ራውተሩ ላይ ስለሚሰካ መኝታ ቤት ያለው የድሮ የስልክ ሶኬት ሊሞት ይችላል፤ በአልጋቸው አጠገብ ስልክ የለመዱ አዛውንት ይህን ቀድመው ማወቅ አለባቸው። የስልክ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም። የሌባ መከላከያ ደወል በስልክ መስመሩ የሚሠራ ከሆነ እርሱም ይጠየቅ። አጭበርባሪዎችም ወሬውን ሰምተዋል። «ወደ ዲጂታል ለመዛወር ክፍያ ይፈጽሙ፣ የባንክ ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ስልክ ከመጣ መዝጋት ነው። ከዚያም በወርሃዊ ሒሳቡ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ራስ ደውሎ ማረጋገጥ ይቻላል።

እንግዲህ ጠያቂያችን ለአዛውንቶቹ ልትነግራቸው የምትችለው ይህ ነው፤ ፋይበሩን እንቢ አትበሉ፣ ነገር ግን ባትሪው ሳይመጣና ቁልፉ ሳይፈተሽ መስመሩን አታስቀይሩ። ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ከቤት ሳይወጣ የአንገት ቁልፉ ይጫን፤ ከማዕከሉ የሰው ድምፅ እስኪመልስ ይጠበቅ። ከዚያም የራውተሩ ሶኬት ይነቀልና በባትሪው ብቻ እንደገና ይሞከር። የመብራት መቋረጥን በነፃ የሚያስታውቁበት 105 እና የድንገተኛ እርዳታው 999 በትልቅ ቁጥር ተጽፈው ከስልኩ አጠገብ ይለጠፉ።