ፊት የሌለው ገበያ

ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቁልቁለቱን የወረደ መንገደኛ አሊዩ አምባን ያገኛል። ዛሬ ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ቢሆንም፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ጠረፍ የመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍባት ታላቅ የሸዋ ገበያ ነበረች። አርጎባው፥ አፋሩ፥ ሐረሬው፥ አማራው ይገናኙባት ነበር። በ1842 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ተቀምጦባት ያየውን ጽፎልናል።

ይህችን ከተማ ያስታወሰን ዛሬ ዳርክኔት የሚባለው የጨለማ ገበያ ነው።

በዚያ ዘመን ገንዘቡ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ብር የሚቀበለው ሰው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች ሳይቈጥር እጁን አይዘረጋም። በቅሎ ሻጩም «ዋስ ጥራ» ይባላል። ያታለለ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ቀን ያንኑ ፊቱን ይዞ መምጣት ነበረበት።

በዳርክኔት ግን ፊት የለም። የሚኬድበት ቶር የተባለው መንገድ መነሻው በ1990ዎቹ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ተቋም ሲሆን፥ መልእክቱን እንደ ሽንኩርት በድርብርብ ልባስ ሸፍኖ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ያሻግራል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ብቻ ያውቃል። በዚሁ መንገድ ሳንሱር የሚያስጨንቀው ጋዜጠኛም ይጓዝበታልና መንገዱን አንኰንንም።

በ2011 እ.ኤ.አ. ሲልክ ሮድ የተባለው ገበያ ተከፈተ። ክፍያው በቢትኮይን፥ ሸቀጡ በብዛት አደገኛ ዕፅ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ በ2013 ዘጋው፤ መሥራቹ ሮስ ኡልብሪክት በ2015 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፥ በ2025 ግን በፕሬዚዳንቱ ምሕረት ተፈታ። ገበያው ሲዘጋ ሌሎች በቦታው በቀሉ። በዋስ ፋንታ ገንዘቡን የገበያው አስተዳዳሪ በአደራ ይይዛል፤ ገዢዎችም ለሻጩ ነጥብ ይሰጣሉ። ብልኀቱ ያስደንቃል። ዳሩ ግን ባለአደራውን ማን ይዋሰው? በ2015 ኢቮሉሽን የተባለው ገበያ አስተዳዳሪዎች 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚገመት የደንበኞቻቸውን ገንዘብ ይዘው ተሰወሩ። በ2017 አልፋቤይ ሲዘጋ ገበያተኛው ወደ ሐንሳ ጎረፈ፤ ሐንሳን ግን ለአንድ ወር ያህል በስውር ያስተዳድር የነበረው የሆላንድ ፖሊስ ነበር። ሰዉ ዳኛውን ነጋዴ መስሎት ሲገበያይ ከረመ!

የጥንቱን ገበያ አለመጠን እንዳናመሰግን የሚያግደን አንድ ነገር አለ። ከአሊዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል ሰው ራሱ በጠራራ ፀሐይ፥ ዋስና ምስክር ባለበት ይሸጥ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚህ የተነሣ ገበያን ስንመረምር «ማን ይሸጣል» ከማለት ይልቅ «ምን ይሸጣል» ማለት ይበልጥ ያሳስበናል።

በጨለማው ገበያ የሚሸጠው ደግሞ ከዕፅ አልፎ የሰው ማንነት ሆኗል። ጄኔሲስ የተባለው ገበያ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ከሆኑ ኮምፒዩተሮች የተሰረቁ 80 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃሎችና መግቢያዎች ለሽያጭ ቀርበውበት እንደ ነበር የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ገልጿል። የተሸጠው ሰው መሸጡን አያውቅም፤ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒዩተር የሚገባውን ይቀጣል። ሌባው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን እጁን መያዝ ቀላል አይደለም። ሌባው የሚገባበትም በር ብዙ ጊዜ በነጻ የተገኘ የተሰበረ ፕሮግራም ነው። እኛም በተማሪነታችን በመኝታ ክፍል እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በፍላሽ ስንቀባበል ኖረናል፤ ዋስ የጠራ አንድም አልነበረም። ዛሬ ያው ፍላሽ ከወጣቱ ሹም ጋር ወደ መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ደግሞ የብዙ ባለጉዳይ ፋይል ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመራችን በፊት የራሳችንን የይለፍ ቃሎች ብንቈጥር፥ አንዱ ቃል አራት በር ሲከፍት አገኘነው።