በጣና ዳር በእግር፤ ለዕረፍት ለምትገቡ እኅቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሠርታችሁ ለዕረፍት አገር ስትገቡ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻንጣው ሳይፈታ ቤቱ በዘመድ ይሞላል። የአጎት ልጅ ሠርግ አለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ፣ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ብድር የሚጠይቅ አለ። ወሩ እንደ ጤዛ ይረግፋል። በመጨረሻም ያላረፈ ሰውነትና ያልተከፈለ ስለት ይዛችሁ ወደዚያው ኩሽና ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ከወሩ ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ ለነፍሳችሁና ለእግራችሁ ብላችሁ፣ ገና ትኬት ስትቆርጡ አስቀድማችሁ ለዩ እላለሁ። ለሦስቱ ቀን የሚሆነውን ቦታ እኔ ልጠቁማችሁ፤ ጣና ነው።

ለእግራችሁ ማለቴ ለጨዋታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሰድር ላይ ቆማችሁ ትውላላችሁ፤ ደረጃ ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ። አፈር ረግጦ፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ ማንም ሳይጠራችሁ ወደ ፊት መሄድን ግን ብዙዎቻችሁ ከአገር ከወጣችሁ ወዲህ አላያችሁትም። ጌታችን በምድር ሲመላለስ በእግሩ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹን ደቀ መዛሙርት የጠራቸውም በሐይቅ ዳር ሲያልፍ ነው። ቀስ ብሎ በውኃ ዳር መሄድ እንግዲህ የሰነፍ ሥራ አይደለም።

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል። ዐባይ የሚወጣው ከእርሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ዩኔስኮ ሐይቁንና ዙሪያውን በዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የሐይቁን ዙሪያ በሙሉ በእግር መዞር የብዙ ቀን ጉዞ ነው፤ የእናንተ ጉዳይም አይደለም። አጭር፣ ልብ የማያፈርስ፣ እናታችሁንም ይዛችሁ የምትሄዱበት መንገድ ነው የምነግራችሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ከባሕር ዳር ከተማ አትውጡ። በባሕር ጠለል ላይ ካለ ከተማ፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት የመጣ ሰው ከፍታው ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አትደንግጡ፣ ልማድ ነው። ማለዳ በከተማው መካከል በሐይቁ አጠገብ ያለውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ተሳለሙና በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ሂዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዛፍ አለው። እርኩሞችና ሌሎች የውኃ ወፎች ይታያሉ፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችም ያልፋሉ። ሲደክማችሁ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ። የጣና ዓሣ የታወቀ ነው፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ከሆነ ግን በዓይን ብቻ ተሰናበቱት። «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም» የምትል ልጅ ከእናንተ መካከል እንደማትጠፋ ዐውቃለሁ፤ እርሷ ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰው።

ከሰዓት በኋላ አቅም ካላችሁ ደብረ ማርያም አለች። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ በጀልባ ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ለሴቶችም የተፈቀደች ናት። በዚያ አካባቢ ጉማሬ ስላለ የጀልባውን ሰው ምክር ስሙ እንጂ ውኃው ዳር ብቻችሁን አትቁሙ።

ሁለተኛው ቀን የዘጌ ነው። በእኔ ፍርድ በአገራችን ካሉት የሐይቅ ዳር መንገዶች ሁሉ ለደከመች ነፍስ እንደ ዘጌ የሚሆን የለም። ዘጌ ደሴት ሳትሆን ወደ ሐይቁ የገባች ምድር ናት። በመኪናም ይገባል፤ ሆኖም በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ መድረስ ይሻላል። ጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ጀልባ ለማታውቅ ሰው ያስፈራል። ዋጋውን ደርሶ መልስ ብላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ።

ከወደቡ ወርዳችሁ ጥቂት እንደ ሄዳችሁ አዝዋ ማርያም ትገኛለች። ከዚያ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ይጀምራል። አቀበቱ ለስላሳ ነው፤ ከወደቡ እስከ ዑራ ሃያ ደቂቃ፣ እየተጫወቱና እያረፉ ለሚሄዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ድንጋይና ሥር የበዛበት ስለሆነ ከዱባይ ያመጣችሁትን ባለ ተረከዝ ጫማ ለሠርጉ አስቀምጡት። ግራና ቀኙ ቡና ነው። ከቡናው በላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳው ጥላ ይሆናል። በቀትር እንኳ ፀሐይዋ በቅጠል መካከል ተሰንጥቃ ነው የምትወርደው። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ያንን መንገድ በቆሎ ተማሪነቴ በባዶ እግሬ ሄጄበታለሁ፤ ዛሬም የቡናው አበባ ሲፈነዳ የሚሸተው ሽታ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ይህ ደን እንዴት ተረፈ? በዙሪያው ያለው አገር ታርሶ ተራቁቶ ሳለ ዘጌ ለምን አረንጓዴ ሆነች? አባቶች እንዲህ ይተርካሉ። ገዳሙን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት ከአንዱ ቡና፣ ከአንዱ ጌሾ፣ ከአንዱ ሎሚ በቀለ። የዘጌ ሰው በእነዚህ እንዲኖር፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያረባ ሥርዓት ተሠራ። ማረሻ ስላልገባ ዛፉ አልተመነጠረም። ሊቃውንተ ዕፀዋት ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚያስተምሩትን ገዳሙ በቃል ኪዳን ጠብቆታል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንደ አብዛኞቹ የጣና አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አላት። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው፤ በመዝጊያዎቹ ላይ መላእክት ሰይፍ ይዘው ይጠብቃሉ። ቸኩላችሁ አትለፉ። ከሥዕሎቹ መካከል የበላዔ ሰብእን ፈልጉ፤ አስጎብኚውም ሆነ ካህኑ ያሳያችኋል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኃ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛን ጊዜም ያቺ ጥርኝ ውኃ ደፋች።

ይህን ሥዕል ያነሣሁት ስለ ስለት አንድ ነገር መናገር ስላለብኝ ነው። ብዙዎቻችሁ በጭንቅ ቀን፣ ደመወዝ ሲከለከል፣ በር ሲቆለፍ፣ ሕመም ሲጸና ትሳላላችሁ። ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ወርቅ ትሳላላችሁ። የተሳለ ይክፈል፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን «መጋረጃውን ሳልገዛ እንዴት በባዶ እጄ እሄዳለሁ?» ብላ ዕረፍቷን ሁሉ ከደጁ ሳትደርስ የምትመለሰውን፣ ስለቷንም ለመክፈል የምትበደረውን አልደግፍም። ኪዳነ ምሕረት ጥርኝ ውኃ የምትቀበል እናት ናት። አንዲት ጧፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀረውን ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩና አቅማችሁ በፈቀደ ጊዜ ታደርሳላችሁ። መጋረጃውማ በአንዳንድ ደብር ከበሩ በዝቶ በሣጥን ተቀምጧል፤ አባቶቼ ይቅር ይበሉኝ።

ሥርዓቱንም አስቡ። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይያዝ። ዓባያ ለብሳችሁ ብትመጡ ማንም አያባርራችሁም፤ ከላይ ነጠላ ጣሉበት። ጫማ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይወልቃል። በወር አበባዋ ላይ ያለች ወደ ውስጥ አትገባም፤ በዚህ ምክንያት ጉዞውን አትሰርዝ፣ በዛፉ ሥር ሆና ትጸልይ፤ ጸሎቷ ከቅጥሩ ውጭ አይቀርም። ለማስቀደስ የምትፈልግ በዋዜማው ባሕር ዳር አድራ አባቶችን በስልክ ታስጠይቅ። የኪዳነ ምሕረት ወርኃዊ በዓል በ16 ነው፤ ዓመታዊው የካቲት 16 ቀን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሕዝቡ ብዙ ነው። ጸጥታ የፈለገች ሌላ ቀን ትምረጥ።

ከዘጌ ስትመለሱ የጀልባው ሰው ክብራን ገብርኤልን ከሩቅ ያሳያችኋል። እዚያ ሴት አትገባም፤ ከሐይቁ መካከል ያለው ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። በእናንተ ላይ የወጣ ንቀት አይምሰላችሁ፤ ደብረ ዳሞም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች ክፍት ነው። በደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴንም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራቻት ሴት ናት፤ እቴጌ ምንትዋብ።

ከሁሉ ይልቅ ግን እናንተ ልታውቋት የሚገባችሁ ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበረ። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ ቤቷንና ወርቋን ትታ መነኮሰች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በተቀበለ ጊዜ አልቀበልም ብላ ተከራከረች፤ ዠበይ ወደሚባል ሞቃት ቆላ ተሰዳ ሦስት ዓመት ኖረች። በስደቷ አገርም ብቻዋን አልቀረችም፤ ሰዎች እየመጡ ከእርሷ ጋር ማኅበር ሆኑ። ከተመለሰች በኋላ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች፤ ከእነዚያም አንዱ በዘጌ ነበረ። ኅዳር 17 ቀን በ1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ከ30 ዓመት በኋላም ገድሏ ተጻፈ። በሐይቁ ምሥራቅ ዳር በቆራጣ ገዳም ስሟ ይጠራል። በዘጌው ጥላ ሥር ስትሄዱ እርሷም በዚያ ምድር እንደ ኖረች አስቡ፤ ሞቃት የሰው አገር ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ናት።

አሁን ስለ ጤና። በሐይቁ ዳር ውኃው ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ፣ ልብስም አትጠቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ወባም አለ፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ በአጎበር እደሩ። ብዙ ዓመት ውጭ የኖረ ሰውነት ወባን ረስቷል፤ ትኩሳት ከያዛችሁ ጠበል እየጠጣችሁም ቢሆን ሐኪም ጋ ሂዱ። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃና አዳላጭ ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ይመረጣል። ጉልበቷ የሚያማት እናት ብትኖር አዝዋ ማርያምን ትሳለም፤ ዱላ ይዛ ቀስ ብላ መውጣት ከፈለገችም አትከልክሏት፣ አትገፏትም። እናንተም ከመግባታችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ፣ የዕረፍት ቀን ያላችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር በእግር መሄድ ጀምሩ።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ የመንገዱ ነገር ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ስለዚህ በምትሄዱበት ሳምንት እዚያው የሚኖር ሰው በስልክ ጠይቁ፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ከመሄድ በአውሮፕላን መሄድን ምረጡ፤ «አትምጡ» ከተባላችሁ አትሂዱ። ስለት ነው ብሎ ራስን ወደ አደጋ መጣል ትሩፋት አይደለም። ያን ጊዜ ሐዋሳ አለች፤ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ያለው የሐይቅ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ ቅዱስ ገብርኤልም እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ለአዲስ አበባ የሚቀርብ የሚፈልግ ቢሾፍቱ ይሂድ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለችው ደብረ ጽዮንም ታላቅ ታሪክ ያላት ናት። ጣና አይሄድም፤ በሚቀጥለው ዕረፍት ይጠብቃችኋል።

በዘጌ መንገድ ላይ ሕፃናትና እናቶች ትንንሽ የደንገል ታንኳ፣ መስቀልና ቡና ይሸጣሉ። ከአንዷ እናት ቡና ግዙ፤ ዋጋ ብትከራከሩም እስኪያማርራት አይሁን።

ሦስተኛውን ቀን ለእንቅልፍ ተዉት።

መሄድ የማትችሉትን፣ ወረቀታችሁ የተበላሸባችሁን፣ ፓስፖርታችሁ በአሠሪ እጅ ያለውን፣ ከበር መውጣት የተከለከላችሁትን አልረሳሁም። የምትሄድ እኅት ስታገኙ ስመ ክርስትናችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት፤ በስልክ የምትልክም ትላክ። እናንተ የምትሄዱት ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ስም ሰብስቡ፤ ከአንድ ጧፍ ጋር ለዑራው ካህን ስጡት፣ በጸሎት ያነሣዋል። ስሙን በጉልህ ጻፉት፤ ማታ በጧፍ ብርሃን የሚያነብ ሽማግሌ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።