ደብዳቤው የት ደረሰ? የፖለቲካ ተለማማጅ የመጀመሪያ ሳምንት

ከነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በፊት በሀዲያ ዞን የሀቢቾ ልጅ የክልል መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ ማየት ቢፈልግ መንገዱ የያኔው ክልሉ መቀመጫ ሐዋሳ ድረስ ነበር። በዚያ ቀን የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በይፋ ሲመሠረት ሆሳዕና የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች፤ አቶ እንዳሻው ጣሰውም ርዕሰ መስተዳድር ሆነው ተሾሙ። እናም በከተማዋ ባለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ወይም ፖለቲካ ነክ ትምህርት የምትማር ወጣት ዛሬ ዋና ከተማ ለልምምድ የምትሄደው በባጃጅ ሊሆን ይችላል። አስቀድማ አንድ ነገር ታጣራ። የክልሉ ቢሮዎች ለአንድ ከተማ ብቻ አልተሰጡም፤ ወልቂጤ፣ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ ዱራሜና ሀላባ ቁሊቶም ድርሻ ደርሷቸዋል። የተመደበችበት ቢሮ ሆሳዕና ላይገኝ ይችላል።

ተማሪዎች ኢንተርንሺፕ የሚሉት ልምምድ የሚጀምረው በትብብር ደብዳቤ ነው። ዩኒቨርሲቲው ይጽፋል፤ መሥሪያ ቤቱ ይቀበላል፤ የሚከታተላት ባለሙያ ይመደባል። ሰኞ ጠዋት 2፡30 በር ላይ ለምትደርስ ተማሪ ግን ይህ ሁሉ ገና አይታያትም። ጥበቃው መታወቂያ ይጠይቃታል። ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ጠብቂ» ትላታለች። ኮሪደሩ ላይ ከባለጉዳዮች ጋር ተደርድራ ትቀመጣለች፤ ትንሽ የተባለው እስከ ምሳ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በቴሌቪዥን ያየችው ማይክሮፎንና ሪባን የለም። ከሰዓት በኋላ «ለጊዜው መዝገብ ቤት እያገዝሽ ቆዪ» ስትባል ቅር ይላታል።

ቅር ሊላት አይገባም። ለፖለቲካ ተማሪ ከመዝገብ ቤት የተሻለ መነሻ አላውቅም።

እንበልና የሀቢቾ ነዋሪዎች ስለ ውኃ ችግር አቤቱታ ጻፉ። ደብዳቤው ገቢ ሲሆን ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ በብዕር ይመሩታል። እዚያች ጥግ ላይ የሰፈረችው አንድ መስመር ናት የጉዳዩን ዕጣ የምትወስነው። «ታይቶ ይቅረብልኝ» ተብሎ የተመራና «ይፈጸም» ተብሎ የተመራ ደብዳቤ ዕጣቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አስተያየት ተጽፎበት እንደገና ወደ ኃላፊው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ውሳኔ አግኝቷል። ግልባጩ ለማን እንደሄደ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደከረመ፣ ማን ሳይፈርምበት እንዳለፈ ማንበብ የለመደች ተማሪ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመዋቅር ሠንጠረዥ የማይነግራትን ታውቃለች። እግረ መንገዷንም የሰው ጉዳይ ደጅ ይዞ አለመውጣትን ትማራለች፤ በተለይ በትንሽ ከተማ፣ ባለጉዳዩ የጎረቤት አጎት ሊሆን በሚችልበት።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደብዳቤው ለምን እዚህ እንደደረሰ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ከፍተኛው የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው። ወደ ታች ሲወረድ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ አለ። የአንደኛ ደረጃ መምህር ደመወዝም ሆነ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ክፍያ ከሞላ ጎደል በወረዳ በጀት የሚያልፍ ነው። ወረዳው ጥቅል ድጎማ የሚያገኘው ከክልሉ ነው፤ ክልሉ ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት፤ የፌዴራሉን ድጎማ የማከፋፈያ ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የሀቢቾው አቤቱታ ክልል ደርሶ «ለወረዳው ተመርቷል» ተብሎ ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። ባለጉዳዩ ይህን መንከራተት ይለዋል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ተማሪዋ ግን የትኛው መመለስ ሕጉን የተከተለ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ጉዳዩን ከጠረጴዛ ለማራቅ እንደሆነ መለየት አለባት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግንቦትና ሰኔ ላይ የተመደበች ተማሪ የበጀቱንም የአቤቱታውንም ጥያቄ በአንድ ላይ ሲጯጯህ ታየዋለች።

ከሀዲያ ተነሥቶ ዋና ከተማ ላይ ፖለቲካ መማር፣ በነገራችን ላይ፣ የትናንት ነገር አይደለም። የሆሳዕናው ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመላቸው ንግሥት እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበሩ። በ15ኛው መቶ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ከንጉሡም በኋላ በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ምክራቸው ተፈላጊ ሆኖ ቆየ፤ ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ በእንደራሴነት አገር መሩ። ለፖርቱጋል ንጉሥ በመልእክተኛቸው በማቴዎስ እጅ የላኩት ደብዳቤ ምላሽ ይዘው የመጡት መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1520 ነው፤ ንግሥቲቱ ከጻፉ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ። «ደብዳቤዬ ዘገየ» የሚል ባለጉዳይ ይህን ቢሰማ መጽናኛ ይሆነው እንደሆነ እንጃ።

ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ወደ ስብሰባ ትጠራ ይሆናል። ያኔ ስብሰባው የማን እንደሆነ ትጠይቅ፤ የመንግሥት ነው ወይስ የፓርቲ? ጠዋት በቢሮ ኃላፊነት የተቀመጡት ሰው ከሰዓት የፓርቲ ኮሚቴ አባል ሆነው ሊሰበስቡ ይችላሉ፤ አዳራሹም ሰዎቹም ያው ይሆናሉ። በሕግ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ተለማማጅም የተላከችው ለመንግሥት ሥራ ነው። ይህን መስመር የማታይ ተማሪ ልምምዷን ጨርሳ ስትወጣ ፖለቲካ ማለት ገዥው ፓርቲ ብቻ ሊመስላት ይችላል። የአገሯ ታሪክ ግን እንደዚያ አይልም፤ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰሩ በየነ ጴጥሮስ በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ከሀዲያ ተመርጠው በተቃዋሚነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገብተዋል።

የገንዘብ ነገርም ቀላል አይደለም። ለልምምድ ከግቢ የወጣች ተማሪ የዶርም አልጋዋንና የካፌ ምግቧን ትታ ነው የምትሄደው። ሆሳዕና ዘመድ ካላት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ከሆነ ግን የቤት ኪራይ ብቻውን ብዙዎችን ያስቀራል። ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ በዋሽንግተን የኮንግረስ ተለማማጆች ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ያለ ክፍያ ሲያገለግሉ ኖረው፣ ለእነርሱ የሚሆን ገንዘብ የተመደበው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ በር የተከፈተው ቤተሰቡ ሊደጉመው ለሚችል ልጅ ነበር።

አራት ኪሎን ለምትመኝ ደግሞ ወሩን መምረጥ ይበጃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን፤ በመሀሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ስብሰባዎቹ በግልጽ የሚካሄዱ ስለሆኑ ክርክር መከታተል የምትፈልግ በእነዚህ ወራት ትምጣ። በክረምቱ ዕረፍት፣ ሐምሌ ላይ፣ የትብብር ደብዳቤዋን ይዛ የምትደርስ ተማሪ መደበኛውን ስብሰባ አታገኘውም፤ ያኔ የዓመቱን ቃለ ጉባኤ ጠይቃ ማንበብ ትችላለች።