የማንካው ጥርስ

ደብረ ታቦር ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተሠራ ቤት ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ግቡና የግድግዳውን ሴራሚክ በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። መሐሉ ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ማዕዘኑ ላይ እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ፣ ከጀርባው ኮላ የለም ማለት ነው። ባለቤቱ ሴራሚኩን ይወቅሳል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሠራተኛው በምን ማንካ እንደለጠፈው ነው።

“ማንካ ማንካ ነው፤ ግንብ የገነባበት ሴራሚክም ይለጥፍበታል” ሲባል እንሰማለን። ሴራሚክ በወፍራም የሲሚንቶ ማልታ በሚለጠፍበት ጊዜ ይህ ያስኬድ ነበር። በከረጢት የሚሸጠው ኮላ ግን የተቀመመው በስሱና በእኩል ውፍረት እንዲቀባ ነው። ለእሱ የሚሆነው ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸራረፈው ባለጥርስ ማንካ ነው። ጥርሱ መለኪያ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን የኮላ መጠን የሚወስነው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳን “አራቱን ማዕዘንና መሐሉን ጠብ ጠብ ካደረጉበት ይበቃል” የሚለው ነው። በጠብታዎቹ መካከል ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። የፎጣ መስቀያ ለመትከል ስትበሱት ይሰነጠቃል፤ በመገጣጠሚያው የሰረገ ውሃም እዚያው ይጠራቀማል። የአሜሪካ የሥራ ደረጃ በደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶ፣ ውሃ በሚነካው ክፍል ደግሞ 95 በመቶ የሚሆነው የሴራሚኩ ጀርባ ኮላ እንዲነካው ይጠይቃል። አምስት ጠብታ እዚህ አያደርስም።

“እንግዲያው ትልቅ ጥርስ ይሻላል” የሚሉም አሉ። ኮላው ሲበዛ በመገጣጠሚያው ይወጣል፤ ሴራሚኩም በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንሸራተታል። ለትናንሽ የሞዛይክ ሴራሚኮች ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ሹል ጥርስ ይበቃል። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነው የግድግዳ ሴራሚክ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ጥርስ ያዙ። 30 በ60 ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር፤ የሴራሚኩንም ጀርባ በማንካው ለስላሳ ጎን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ሴራሚኩ ሲጫን የኮላው ውፍረት ከጥርሱ ቁመት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳልና ስትመርጡ ይህን አስቡ። ጥርሱ በሥራ ብዛት እንደሚያልቅም አትርሱ፤ 10 ብላችሁ የገዛችሁት ከጊዜ በኋላ 10 አይደለም።

የጎረበጠ ግድግዳ ግን በየትኛውም ጥርስ አይቃናም። መጀመሪያ ልስኑ ይስተካከል።

ጥርሱ ኮላው ላይ ስለሚተዋቸው መስመሮችም አንድ ነገር ልበል። ጭቃ ቤት ስንመርግ የመጀመሪያው ምርጊት ላይ የጣት ሰረዝ የምንተወው የሚቀጥለው ልስን እንዲይዝ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ኮላውንም እያዞሩ ያሞነጫጭሩታል። የኮላ መስመር ግን መጥፋት አለበት። ማንካውን በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድማችሁ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ሴራሚኩን ስትለጥፉ መስመሮቹን አቋርጣችሁ ወዲያና ወዲህ እየገፋችሁ ተጫኑት። አየሩ በመስመሮቹ መካከል ባሉት ቦዮች ይወጣል፣ መስመሮቹም ተኝተው ይዋሃዳሉ። ክብ ክብ ከሠራችሁት አየሩ መውጫ ያጣል።

“አገራችን ብርድ ስለሆነ ኮላ ቶሎ አይደርቅብንም” የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ የኮላውን ውስጥ መጠንከር ያዘገየዋል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ባይሠራበት ይሻላል። የበጋው ነፋስ ግን ላዩን ቶሎ ያደርቀዋል። በጣታችሁ ስትነኩት ካልተጣበቀ ፍቃችሁ እንደገና ቀቡ።

ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ሥራው በተጀመረበት ሰዓት እዚያው ተገኙ። ሠራተኛውን “ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን እስቲ ንቀልልኝ” በሉት፤ ኮላው ሳይደርቅ ምንም አይጎዳም። የሴራሚኩን ጀርባ እዩ። ማዕዘኖቹ ባዶ ከሆኑ ሁለተኛው ሳይለጠፍ ማንካው ይቀየር።