ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ፣ በተራሮች መካከል የተኛው ውኃና የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ልሳነ ምድር ይታይዎታል። ከባለቤቴ ጋር ለአገልግሎት በሄድን ጊዜ ከዳር ቆመን፣ «ይህ ውኃ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ ወደ ገዛ ጓሯችን እንደሚመልሰን አላሰብሁም ነበር።

በ1969 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ሲጠና እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ የሚያሳይ ጥሩ ውኃ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. የቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ቆሮሶ አልጌን የሚግጡትን ደቃቅ እንስሳት ስለበላ አልጌው ጠባቂ አጥቶ በዛ፤ ተመራማሪዎች ይህን እንደ አንድ ምክንያት ይጠቅሳሉ። ከተራራው የሚታጠብ አፈርና ማዳበሪያም ለአልጌ ምግብ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውምና የገባው እዚያው ይቀራል።

አልጌው ሲሞት ወደ ጥልቁ ይሰጥማል። ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱት ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ዓሣም በዚያ መኖር አይችልም። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ረቂቃን ደግሞ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህም ሙቀትን አምቆ በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ነው።

ታዲያ ረቂቃን ጠላቶቻችን ናቸው? አይደሉም! የአምባሰል ገበሬ ከዘራው ባቄላ አንዱን ነቅለው ሥሩን ይመልከቱ። ትናንሽ እባጮች ያገኛሉ። አንዱን ቢሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያዎቹ በሥራ ላይ ናቸው። ከአየሩ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም፤ እነርሱ ግን ለውጠው ያቀርቡለታል። ያለ ደመወዝ!

እንግዲህ ባለትዳሮች፣ ልዩነቱ ምግባቸውን የት እንደምናኖርላቸው ነው። ፍግና የወጥ ቤት ትራፊ በጎርፍ ወደ ውኃ ከወረደ ይጎዳናል፤ በማሳ ላይ ከዋለ ያበላናል። ኩበቱን ሁሉ ካነደድነውም የአፈሩን ምግብ አቃጠልን ማለት ነው።

ስለዚህ በጓሯችሁ ጎርፍ በማይደርስበት ስፍራ ቅጠል፣ ልጣጭ፣ አመድና ፍግ እየደራረባችሁ ኮምፖስት አዘጋጁ። እርጥበቱን ጠብቁ፤ አየር እንዲያገኝም በየጊዜው አገላብጡት፤ አየር ካጣ ይሸታል፣ ሚቴንም ያወጣል። እናት ልጣጩን ስታጠራቅም አባት አካፋውን ያንሣ፤ ልጆችም ይዩ። ከአፈራችን የተነሣው ወደ አፈራችን ሲመለስ፣ የልጆቻችን እንጀራም የሐይቁም ውኃ ይጠበቃል።