ከሌሊቱ 9 ሰዓት በግቢው ያለፈው ነጭ ነገር

ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው የመጡት ማለዳ፣ ጀበናው ገና ሳይጣድ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። የባለቤታቸው አርባ ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው እናቷን ከሩቅም ቢሆን ለመጠበቅ ብላ በረንዳው ላይ ካሜራ አስተክላለች፤ ግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ስልኳ ይጮኻል። እዚያ ገና ምሽት፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከፍታ ያየችው አስደንግጧት ለእናቷ ላከችው።

ቪዲዮው 14 ሰከንድ ነው። ግቢው በግራጫ ይታያል፦ በግራ በኩል ሮቶው፣ መሀል ላይ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ከኋላ የብረት በሩ። ድንገት ከቀኝ በኩል ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ጋቢ የተንዘረፈፈ ነገር ገባ። ግቢውን አቋረጠ፤ ሮቶው ጋ ሲደርስ ቆሞ ወዝወዝ አለና በመጣበት ተመለሰ። ከኋላው ያለው ሁሉ በእሱ ውስጥ አልፎ ይታያል። «የሳቸው አረማመድ ነው» አሉ ጎረቤቴ። «ሰዓቱንም እየው፣ 3 ሰዓት። ያረፉትም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው።»

ሐዘንተኛን «ኧረ ይተዉት፣ ምንም አይደለም» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን ትክክል አይመስለኝም። እሳቸው ያዩትን አይተዋል። ቪዲዮው ላይ በእርግጥ አንድ ነገር አለ። ጥያቄው ያ ነገር የት ነው ያለው የሚለው ነው፦ ግቢው ውስጥ ነው፣ ሌንሱ አፍ ላይ ነው ወይስ ካሜራው ራሱ ምስሉን ሲሠራ የፈጠረው ነው? ይህን ደግሞ ቡና እየጠጡ መመርመር ይቻላል።

የጀመርነው ከሰዓቱ ነው። በምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈው 03:12 ነው። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በ21 ይጀምር ነበር። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቁጥሩን ደጋግመው አዩት። ቀኑም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም፤ የውስጥ ባትሪው የደከመ መቅጃ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ወደ ፋብሪካው መነሻ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ወደ 1970 ወይም ወደ 2000፣ ሊመልሰው ይችላል። ስንት ሰው «ልክ በዚያች ሰዓት» ብሎ የተንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። የግቢ ካሜራ በጨለማ የሚያየው የራሱን መብራት ስለሚያበራ ነው። ሌንሱን ከበው የተደረደሩት ጥቃቅን አምፖሎች ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ይረጫሉ። የሞገድ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 850 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ዓይን ደግሞ ከ700 ናኖሜትር አካባቢ በላይ ያለውን ለማየት አቅም ያጥረዋል። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም የሚል የቴሌቪዥኑን ሪሞት ያንሳ። የስልኩን የፊት ካሜራ ከፍቶ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ሌንሱ ያዙርና ቁልፍ ይጫን። በባዶ ዓይን ምንም የለም፤ ስክሪኑ ላይ ግን ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ይታያል። ጎረቤቴ ይህን ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ በሦስተኛው ሪሞቱን ገልብጠው ጫፉን በጣታቸው ዳበሱት።

ያ መብራት ያለው ከሌንሱ ጎን መሆኑ ነው ጉዱ። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሌንሱ 10 ሴንቲሜትር ላይ የተንጠለጠለ የሸረሪት ድር፣ 5 ሜትር ርቆ ካለው በር 50 ጊዜ ይቀርባል፤ የሚያርፍበት ብርሃን ግን በግምት 2,500 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ከፀጉር የቀጠነ ክር ነጭ ሆኖ ይነዳል። ካሜራው ደግሞ አጥርቶ እንዲያይ የተስተካከለው ሜትሮች ርቆ ላለው ነገር ነው፤ አፍንጫው ላይ ያለው ይደበዝዝበታል፣ ይሰፋበታል። አንዲት ክር ጋቢ የሚያክል ጭጋግ ትሆናለች። በውስጡ አልፎ ሮቶው የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ክሩ ከሌንሱ ቀዳዳ እጅግ ስለሚቀጥን መንገዱን ሁሉ አይዘጋውም፤ ከግቢው የሚመጣው ብርሃን በግራና በቀኙ አልፎ ይገባል። አቧራ፣ የዝናብ ጠብታ፣ የእሳት ራት፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። በፎቶ ላይ «የብርሃን ኳስ» እየተባለ የሚታየው ክብ ነገርም አብዛኛውን ጊዜ ከሌንሱ አጠገብ ባለ ፍላሽ የበራ ብናኝ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ፈተና ግን ሒሳብ አይጠይቅም። ያ ነገር ከሌላ ነገር ኋላ ገብቶ ያውቃል? ቪዲዮውን ትንሽ በትንሽ እያቆምን አሳለፍነው። በሩ ፊት ያልፋል፤ ገመዱ ፊት ያልፋል፤ ሮቶው ፊትም ያልፋል። በሩ ጋ የሚሄድ ሰው ቢሆን ኖሮ ሮቶው ይከልለው ነበር። ምንም የማይከልለው ነገር ከሁሉም ይልቅ ለካሜራው ይቀርባል ማለት ነው። ጥላም ፈለግን፤ ካሜራው መብራት ከያዘ ሰው ሲቆምበት ጥላው ከኋላው ባለው በር ወይም ግድግዳ ላይ መውደቅ አለበት። የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ያዩት እኔ ሳልሆን ጎረቤቴ ናቸው። ገመዱ ላይ አንድ ፎጣ ተሰጥቷል። «ፎጣው ሲነሳ ነው እሱም የሚነሳው» አሉ ቀስ ብለው። አንድ ነፋስ ነው ሁለቱንም የሚያወዛውዛቸው።

እንዲህ ስል ሌሊት የሚታየው ሁሉ ድር ነው ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ሰውም መንፈስ መስሎ ይወጣል። ጨለማው ሲበረታ ካሜራው አንዱን ምስል ለማንሳት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ 1/4 ሰከንድ ቢወስድ በተለመደው እርምጃ የሚሄድ ሰው በዚያች ቅጽበት 35 ሴንቲሜትር ያህል ተጉዟል። በዚያ ላይ ጨለማ የሚያመጣውን ነጠብጣብ ለማጥፋት ተከታታይ ምስሎችን ያደባልቃል። ገላው ይሳሳል፤ ከገላው ይልቅ በፍጥነት የሚወረወረው እግር ጭራሽ ይጠፋል፤ እግር የሌለው ሰው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ልብሱም ያሳስታል። ብዙ የጥቁር ልብስ ማቅለሚያዎች ኢንፍራሬድን አይውጡትም፣ ይመልሱታል፤ ጥቁር ካፖርት የደረበ ዘበኛ በሌሊት ካሜራ ነጭ ለብሶ ሊታይ ይችላል።

ይህን ማታ እቤታችሁ ሞክሩት። የወጥ ቤቱን መብራት አጥፍታችሁ ሻማ ለኩሱ፤ ስልኩን ስኳር ማስቀመጫው ላይ አስደግፋችሁ የሌሊት ፎቶውን ወደ 3 ሰከንድ አድርጉት። አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና መሀል ላይ ይነሳ። ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ የወንበሩ መደገፊያ በደረቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። አንዳንድ ስልክ የተንቀሳቀሰውን ለይቶ ስለሚያጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልግ ይሆናል።

ካሜራ እንዲህ ቅጽበቶችን በአንድ ምስል ላይ እንደሚያደራርብ ቀድሞ የገባቸው ሰዎች እንጀራቸው አድርገውታል። ዊልያም ሙምለር የተባለ ቦስተን የሚኖር የጌጣጌጥ ቀራጭ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የሟች መንፈስ ከኋላ የቆመበት ነው የሚል ፎቶ መሸጥ ጀመረ። ዘመኑ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር፤ ብዙ ሴቶች ባላቸውን ወይም ልጃቸውን ያጡበት ጊዜ ነው። በ1869 ኒው ዮርክ ውስጥ በማጭበርበር ተከሶ ቀረበ፤ በኋላ በሰርከሱ የታወቀው ፒ.ቲ. ባርነም ሳይቀር መሰከረበት፤ ሆኖም ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ተለቀቀ። ከዚያም በኋላ ሜሪ ሊንከን፣ የተገደለው የፕሬዝዳንት ሊንከን ባለቤት፣ ፊቱ ተቀምጣለች፤ ፎቶው ላይ የባሏ የሚመስል ደብዛዛ ምስል ትከሻዋን ይዟል። ለዚህ የሚሰጠው የታወቀ ማብራሪያ በአንድ የፎቶ መስታወት ላይ ሁለት ጊዜ ማንሳት ነው። እሷ ላይ ለመፍረድ አንደበቴ አይታዘዝልኝም፤ ባሏን ፈልጋ ነው የሄደችው። ናፍቆቷን በገንዘብ የመነዘረው ሰውዬ ግን ዛሬም ያናድደኛል።

በሌላ በኩል እንግሊዝ አገር በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ አለ። የእሳት አደጋ በሮች ተበርግደው ይከፈታሉ፤ ቀጥሎ ረጅም ካባ የለበሰ ሰው መሳይ ብቅ ብሎ ይዘጋቸዋል። ይህን በእኛ ፈተና ብናየው ድር አይደለም፤ ከበሩ ውስጥ ይወጣል፣ በሩን ይነካል። እዚያ ያለ አካል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከካሜራው ወጥቶ «ማነው?» ወደሚለው ይዞራል፤ ቁልፍ ያለው ማን ነው፣ ካባውስ ከየት መጣ ወደሚለው። ቪዲዮው ብቻውን ይህን አይመልስም፤ ካባ ግን ሰው ሊለብሰው የሚችል ነገር ነው።

በቴሌግራም እጅ ለእጅ ሲዞር የደረሳችሁን ቪዲዮ በዚህ መንገድ ለመመርመር መድከም ዋጋ የለውም። ወርዶ እንደገና በተጫነ ቁጥር እየተጨመቀ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ፊት ያልነበረበት ቦታ የተጨማለቀው ነጠብጣብ ፊት ይመስላል። ዋናውን ከሚሞሪ ካርዱ ወይም ከመቅጃው ጠይቁ፤ ከፊቱ 10 ደቂቃ፣ ከኋላው 10 ደቂቃ። ከመቅጃው ስክሪን ላይ በስልክ የተቀረጸ ከሆነ የቀረጸው ሰው ፊት በስክሪኑ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ ይሆናል። ካሜራ የያዘው ሰው ምንም ሳይፈጠር ባዶውን በር እያሳየ ከጠበቀ፣ በሩ እንደሚከፈት ቀድሞ ማን ነገረው? ዛሬ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሙሉ ቪዲዮ ማሠራት ስለሚቻል፣ ባለቤቱና ቦታው ያልታወቀ ቪዲዮ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም። ለሌላ ሰው ስታሳዩም «መንፈሱን እየው» አትበሉ፤ «ምን ይታይሃል?» ብላችሁ ዝም በሉ። ስሙን ቀድሞ የሰማ ዓይን ሌላ ነገር ማየት ይቸግረዋል።

የመንፈስን መኖር ወይም አለመኖር ካሜራ ይወስናል ብዬ አላምንም፤ ጎረቤቴም እምነታቸውን ከስልክ አልተማሩትም። የጠየቁኝ ግቢያቸው ውስጥ ሌሊት ማን እንደቆመ ነው። ስለዚህ ወደ ቦታው ተመልሰን አየነው። ማታ ልጃቸው ከዋሽንግተን ደውላ፣ እኛ በረንዳው ላይ ወንበር አስጠግተን፣ መብራቱን አበራን፤ እሷም ካሜራውን ወደ ቀለም ምስል ቀየረችው። ነጩ ነገር ጠፋ። እሷ ስክሪኗ ላይ ምንም የለም ስትል እኔ ወንበሩ ላይ ቆሜ፣ ከካሜራው ጠርዝ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ የተዘረጋች አንዲት ክር አየሁ፤ ጫፏ ላይ ከምስር የማትበልጥ ሸረሪት አለች። ወዝወዝ ስትል ለጎረቤቴ በጣቴ አሳየኋቸው። መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አነሷት።

በማግስቱ ሌሊት የልጅቷ ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። የጎረቤት ድመት ነበረች፤ ከበሩ ሥር ገብታ፣ በሮቶው ኋላ ተሰውራ፣ በሌላኛው ጎን ብቅ ስትል ጥላዋ ግድግዳው ላይ ረዝሞ ተከተላት።